ከሰባራ ድልድይ ማዶ፤ የሴት እግር ኳስ ተጫዋች የሙያ መንገድ በታሪክ ሲታይ

የማኅበራችን መጽሔት በየዓመቱ ለአባላቱ የሚያቀርባቸው ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ፣ በግድብ፣ በሕንፃና በመጠጥ ውኃ ሥራ ላይ ያተኮሩ ናቸው። የዘንድሮው አዘጋጅ ክፍል ስለ ሴቶች እግር ኳስ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ጥያቄው ለሌላ ሰው የተላከ መስሎኝ ነበር። ከስታዲየም ይልቅ ከአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ጋር የምተዋወቅ መሐንዲስ ነኝና። ይሁን እንጂ ነገሩን ባሰላሰልሁት ቍጥር የአንዲት ወጣት ተጫዋች የሙያ ሕይወት እንደ ማንኛውም የግንባታ ሥራ መሠረት፣ ምሰሶና ማያያዣ ያለው መሆኑን እየተገነዘብሁ ሄድሁ። ከዚህም ሌላ፣ ይህን ጽሑፍ እምቢ እንዳልል የሚያስገድደኝ አንድ የቆየ ዕዳ አለብኝ። ዕዳው ምን እንደ ሆነ ወደ ታች እገልጻለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ያለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ፣ ዓ.ም. የሚል የተጻፈባቸው እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ሰባራ ድልድይ

የተወለድሁት በቢቸና ከተማ ነው። የልጅነቴን እኩሌታ ያሳለፍሁት ግን አባቴ ለሥራ ተዛውሮ በነበረበት በሞጣ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቁ አባላት ጥቂት እንዳልሆኑ እገምታለሁ። መንገዱ በግራው የጮቄን ተራራ፣ በቀኙ የዓባይን ሸለቆ ይዞ፣ ጤፍ የሚበቅልበትን ደጋና ወይና ደጋ ሰንጥቆ ያልፋል።

ከሞጣ ወደ ጎንደር በኩል በሚያሻግረው የዓባይ መሻገሪያ ላይ በአፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስት ስለ ፈረሰ የአገሩ ሰው ሰባራ ድልድይ ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ለገበያ፣ ለሠርግም ሆነ ለልቅሶ የሚሻገር ሰው ገመድ በወገቡ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ወንዶች ጕልበት እየተጐተተ ክፍተቱን ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ ላይ ብረት ተጋድሞበት ነበር። ያን ጎርፍ ከወሰደው በኋላም እ.ኤ.አ. በ2009 በአካባቢው ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ለመሐንዲስ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከሰባራ ድልድይ አብዛኛው ክፍል ቆሞ ነበር። የጐደለው አንድ ቅስት ብቻ ነው። ሆኖም ድልድይ በቆመው ክፍሉ አይመዘንም። አንድ ቅስት ሲጐድል የቀሩት ሁሉ ለተሻጋሪው ጥቅማቸው ይቀራል። በገመድ ተጐትተው የተሻገሩ ብርቱዎች ቢኖሩም፣ የእነርሱ መሻገር ድልድዩ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

አንድ የቆየ ዕዳ

ታናሽ እኅቴ በሦስት ዓመት ትከተለኛለች። ሞጣ ሳለን ከቤታችን ጀርባ ከብት የሚሰማራበት ገላጣ ሜዳ ነበር። እኅቴ ከሰፈሩ ወንዶች ልጆች ጋር በካልሲና በጨርቅ በተጠቀለለ ኳስ እዚያ ትጫወት ነበር። አፈሩ ዋልካ በመሆኑ በክረምት ያጣብቃል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ኳሱም ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ካልታሰበ አቅጣጫ ይወረወራል። እኅቴ ግን ኳሱ የሚሄድበትን አስቀድማ የምታውቅ ትመስል ነበር። ወንዶቹ ቡድን ሲመራረጡ በመጀመሪያ የሚጠሩት ስም የእርሷ ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት የክፍል ጓደኞቼ «እኅትህ ከወንድ ጋር ትራገጣለች» እያሉ ይዘባበቱብኝ ጀመር። አንድ ቀን ከሜዳው ጠራኋትና ኳሱን ከእጇ ቀምቼ ዳግመኛ እዚያ እንዳትታይ አስጠነቀቅኋት። አባታችን ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረም። እናታችንም አልከለከለቻትም። የከለከልኋት እኔ ነኝ። እኅቴ አልተከራከረችኝም፤ ዳግመኛም ወደ ሜዳው አልወጣችም። ትምህርቷንም ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልገፋችበትም። ዛሬ በሞጣ ትንሽ ሱቅ ያላት የሁለት ልጆች እናት ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሎዛ አበራ የምትባል ኢትዮጵያዊት በማልታ ደሴት ደመወዝ እየተከፈላት ኳስ እንደምትጫወትና በአንድ የውድድር ዘመን 30 ግብ እንዳስቈጠረች አጫወትኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ለመሆኑ ወንድም ዓለም፣ ለእርሷ ማን ፈቀደላት?» ስትል ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ሜዳ የነሣ ክልከላ

ሴት ልጅ ኳስ መምታቷ እንደ ነውር የታየው በእኛ አገር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። የእግር ኳስ መፍለቂያ በምትባለው በእንግሊዝ አገር የሆነው ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከእኛው ሙያ ጋር በተዛመደ ቦታ ነው። ዲክ ከር የተባለው ድርጅት በፕሬስተን ከተማ የትራምና የባቡር መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው ወደ ጥይት ሥራ በዞረ ጊዜ፣ ወደ ጦር ሜዳ በሄዱት ወንዶች ምትክ ሴቶች ገቡ። እነዚህ ሠራተኞች በዕረፍት ሰዓታቸው ኳስ ሲጫወቱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1917 በገና ዕለት 10,000 ያህል ተመልካች ፊት ተሰለፉ። ገቢው ለቍስለኞች ሆስፒታል ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 26 ቀን 1920 ደግሞ በሊቨርፑል ከተማ በጉዲሰን ፓርክ ስታዲየም 53,000 ሰው ሲመለከታቸው፣ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ቦታ አጥቶ በር ላይ ቀርቷል። በዚሁ ቡድን ውስጥ ገና በ14 ዓመቷ የገባችው ሊሊ ፓር በዘመኗ ከነበሩት አጥቂዎች ሁሉ ስመ ጥር ለመሆን በቃች።

ይህ ሁሉ ከሆነ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 5 ቀን 1921 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች የማይስማማ ነው በማለት ውሳኔ አሳለፈ። አንባቢ የውሳኔውን አሠራር ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ማኅበሩ ሴቶች ኳስ እንዳይነኩ የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። ያዘዘው፣ በሥሩ ያሉ ክለቦች ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ነበር። ተጫዋቾቹ፣ ተመልካቹና ፍላጎቱ እንዳሉ ነበሩ። የተነሣው ሜዳው ብቻ ነው። ይህም ብቻ ጨዋታውን ለ50 ዓመት ያህል ለማዳከም በቃ፤ ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ነበር። ምዕራብ ጀርመንም እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1970 ተመሳሳይ እገዳ አድርጋ ነበር። የኳስ አገር የምትባለው ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1941 ያወጣችውን ክልከላ ያነሣችው በ1979 ነው።

የወንዶች የዓለም ዋንጫ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሆን፣ የሴቶቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 በቻይና ነው። በኦሎምፒክ የሴቶች እግር ኳስ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ነው። በሁለቱ የዓለም ዋንጫዎች መካከል ያለው የ61 ዓመት ልዩነት የችሎታ ልዩነት አይደለም፤ የፈረሰው ቅስት ስፋት ነው።

በአገራችን

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን እንደ ወሰደች የታወቀ ነው። ያ ድል እስከ ዛሬ የአገር ኩራት ሆኖ ይነገራል። ያ ዋንጫ ከመገኘቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለጋብቻ የሚፈቀደውን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ደንግጎ ነበር። በተግባር ግን በጎጃምና በሌሎችም አውራጃዎች ብዙ ልጃገረዶች ከዚያም ባነሰ ዕድሜ ይዳሩ ነበር። ማንኛውም አሠልጣኝ እንደሚመሰክረው፣ ተጫዋች ኳስን መቈጣጠር፣ ሜዳን ማንበብና ከጓደኛ ጋር መግባባትን የሚማረው ከ10 እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ወንዱ ልጅ ችሎታውን በሚገነባባቸው ዓመታት ሴቲቱ ልጅ ጎጆ ወጥታ ልጅ ታዝል ነበር ማለት ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ጾታዎች 18 ዓመት እንዲሆን የተደነገገው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው።

ይህ ሲባል የአካባቢያችን ባህል ልጃገረድን ከአደባባይ ፈጽሞ ያራቀ ነው ማለት አይደለም። በዘመን መለወጫ ሰሞን የጎጃም ልጃገረዶች በቡድን ሆነው ወደ መስክ ይወጣሉ። እየዘፈኑና እየተጫወቱ እንግጫ ይነቅላሉ። ያን ቀን ሜዳው የእነርሱ ነው፤ የሚነቅፋቸውም የለም። ቅር የሚያሰኘው ሜዳው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የእነርሱ መሆኑ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዲማዋን ሰብለ ወንጌልን በአባቷ ግቢ ተዘግታ ዕድሜዋ ሲያልፍ አሳይተውናል። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ብዙ አይርቅም። የዚያን ግቢ አጥር ያጠረው የፊታውራሪው ትዕቢት ነበር። የእኔን እኅት ያገዳት አጥር ግን የአንድ የ16 ዓመት ተማሪ ሐፍረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ከእርሷም በኋላ አያሌ ኢትዮጵያውያት ዓለምን ሲያስደንቁ፣ በኳሱ ስለምን ይህ አልሆነም? መልሱ በጨዋታው ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ሯጭ ልጅ ብቻዋን ተነሥታ በገጠር መንገድ ልትሮጥ ትችላለች፤ ትምህርት ቤት ደርሶ መመለስ ራሱ ልምምድ ይሆንላታል። ኳስ ግን ሃያ ሁለት ሰው፣ ሜዳ፣ ዳኛ፣ የሰዓት ሰሌዳና ተጋጣሚ ቡድን ይፈልጋል። ሩጫ በአንድ ሰው ጽናት ሊጀመር ይችላል። ኳስ ግን ያለ ድርጅት አይጀመርም።

ድርጅቱ ጥቂት በጥቂት መጣ። ሉሲ በሚል ስም የሚጠራው ብሔራዊ የሴቶች ቡድናችን እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ውድድር አራተኛ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2012ም እንደ ገና ለውድድሩ በቃ። በአገር ውስጥም ክለቦች የሴት ቡድን አቋቁመው ለተጫዋቾቻቸው ደመወዝ የሚከፍሉበት ሊግ ተመሠረተ። የሎዛ አበራ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በገመድ የተሻገረችው

ሎዛ አበራ እ.ኤ.አ. በ1997 በከምባታ በምትገኘው በዱራሜ ከተማ ተወለደች። የሙያ መንገዷን በሐዋሳ ከተማ ክለብ ጀምራ ወደ አዲስ አበባው ደደቢት ተዛወረች፤ በአጥቂነቷም የታወቀችው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ስዊድን ተሻግራ ለኩንግስባካ ተሰለፈች። ወደ አገሯ ተመልሳም ለአዳማ ከተማ ተጫወተች። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ማልታው ቢርኪርካራ ክለብ ሄዳ በአንድ የውድድር ዘመን በሊጉ 30 ግብ በማስቈጠር ከሁሉ የበለጠች ግብ አግቢ ሆነች። የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባናወጠበት ወቅት ተመልሳ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ቡድን ተቀላቀለች። ይህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 በኬንያ በተደረገው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ክለቦች ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሎዛ በዋሽንግተን ከተማ ከተቋቋመው ከዲሲ ፓወር ጋር ተዋዋለች። በዚያው ዓመት ንግድ ባንክ በአዲስ አበባ የተደረገውን ማጣሪያ አሸንፎ ለአፍሪካ ሴት ክለቦች ሻምፒዮንስ ሊግ በቃ።

ከላይ የተቈጠሩት ክለቦች ሰባት፣ አገሮቹም አራት ናቸው። ይህን ዝርዝር በአድናቆት ብቻ ማንበብ ይቻላል፤ አድናቆቱም ይገባታል። ነገር ግን እንደ መሐንዲስ ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ሳስቀምጠው ሌላ ነገር ይታየኛል። መንገዱ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ መስመር አይደለም። ሁለት ጊዜ ወደ አውሮፓ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። በአንዱና በሌላው ክለብ መካከል የተዘረጋ ድልድይ አልነበረምና በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ያሻገራት የራሷ ብርታትና የጥቂት ሰዎች ገመድ ነው። እርሷ ተሻግራለች። ከእርሷ ጋር በአንድ ዘመን በዱራሜም ሆነ በሞጣ ኳስ የጀመሩ፣ ገመዱን የሚይዝላቸው ያላገኙ ልጆች ግን በየትኛውም የክለብ መዝገብ ላይ አይገኙም።

በተሠራ መንገድ የሄደችው

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሁለተኛ ታሪክ አለ። ናኦሚ ግርማ እ.ኤ.አ. በሰኔ 14 ቀን 2000 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፣ በሳን ሆዜ ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደች። ኳስ የጀመረችው ማለዳ በተባለ የልጆች ቡድን ውስጥ ነው። ማለዳን ያቋቋመው አባቷ ሲሆን፣ የቡድኑ ዓላማ በአካባቢው የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች ተሰብስበው እንዲጫወቱና እንዲተዋወቁ ነበር። ታላላቅ አሠልጣኞች ወይም ውድ መሣሪያ የነበረው ቡድን አልነበረም። የነበረው ሜዳ፣ ኳስና ጊዜያቸውን የሚሰጡ ወላጆች ናቸው። ሴት ልጅ እዚያ መገኘቷንም እንደ ነውር የቈጠረ አልነበረም።

ከማለዳ በኋላ ያሉት ቅስቶች ግን ከእርሷ መወለድ አስቀድሞ የተሠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካ የትምህርት ሕግ ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በጾታ ምክንያት ልዩነት እንዳያደርጉ ከልክሏል። በዚህም ሕግ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎቹ የሴት ቡድኖችን አቋቁመው ለተጫዋቾች የትምህርት ዕድል መስጠት ጀመሩ። ናኦሚም በዚሁ መንገድ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እ.ኤ.አ. በ2019 ከቡድኗ ጋር የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2020 የጕልበቷ ጅማት ተበጥሶ አንድ የውድድር ዘመን ያህል ከሜዳ ራቀች። እንዲህ ያለ ጕዳት ብዙ ተጫዋቾችን ከሙያው የሚያሰናብት ነው። እርሷ ግን ትምህርቷም ሕክምናዋም ሳይቋረጥ ድና ተመለሰች።

እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የሴቶች ሊግ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆና ለሳን ዲዬጎ ዌቭ ተመደበች። በዚያው ዓመት የዓመቱ አዲስ ተጫዋችና የዓመቱ ተከላካይ ተባለች። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ሆና ተመረጠች። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ አሜሪካ ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፋ ወርቅ ስታገኝ ከተከላካዮቹ ዋነኛዋ እርሷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2025 ወደ እንግሊዙ ቼልሲ ስትዛወር የተከፈለው ዋጋ ከ1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። በሴቶች እግር ኳስ ታሪክ ይህን ያህል የተከፈለባት ተጫዋች ከእርሷ በፊት አልነበረችም።

ደሟ የእኛ ነውና ድሏም የእኛ ነው ብሎ መኩራራት ቀላል ነው። የተጫወተችው ለተወለደችበት አገር ነው፤ ትምህርቷንም፣ ሕክምናዋንም፣ ደመወዟንም የሰጧት የዚያ አገር ተቋሞች ናቸው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በእውነት የእኛ ነው ልንለው የምንችለው አንድ ነገር ማለዳን ነው። የመጀመሪያውን ቅስት የሠሩት ከዚህ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ለሥራውም የእኛ አገር ሰው የማይችለው ጥበብ አላስፈለጋቸውም።

የመጀመሪያው ቅስት ዋጋ

በሙያችን ልማድ ነገሩን ወደ ልክና ወደ ቍጥር እንመልሰው። ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚሆን ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር ነው። ለልጆች ልምምድ ግን 60 ሜትር በ40 ሜትር፣ ማለትም 2,400 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ይህም የትልቁ ሜዳ ሲሶ ያህል ነው። የቢቸናና የሞጣ አካባቢ ዋልካ አፈር ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ እንዲሁ ተደልድሎ ቢተው ዓመት አይቈይም። ስለዚህ ከመካከሉ ወደ ሁለቱ ጎኖች 1 በመቶ ተዳፋት መስጠት ያስፈልጋል። ይህ ማለት መካከሉ ከዳሩ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። በዙሪያው የውኃ መውረጃ ቦይ ይቈፈራል። በላዩም 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተመረጠ አፈር ይለብሳል። የአፈሩ መጠን 360 ሜትር ኩብ ነው። 10 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና 36 ምልልስ ይሆናል። ለመንገድ ሥራ ወደ ከተማው የመጣ ግሬደርና ሮለር ካለ ቀሪው ድልዳሎ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ከመካከላችን አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ የሠራ ሰው ይህ መጠን ምን ያህል አነስተኛ እንደ ሆነ ያውቀዋል።

ሆኖም ሜዳ ብቻውን አይበቃም። ሜዳ በተሠራ ማግሥት ወንዶቹ ልጆች ይይዙታል። ሴቶቹም እንደ ልማዳቸው ዳር ቆመው ያያሉ። ስለዚህ የሰዓት ሰሌዳ ያስፈልጋል። በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ሜዳው የልጃገረዶቹ እንደ ሆነ ተጽፎ በሩ ላይ ሊለጠፍ ይገባል። ውኃ ያለው መጸዳጃና ልብስ መለወጫ ክፍልም ያስፈልጋል። ይህ በዕቅዳችን ላይ ብዙ ጊዜ «ተጨማሪ ሥራ» ተብሎ ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚሰረዘው ነው። የ13 ዓመት ልጃገረድ ከሜዳ የምትቀርበት ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቅስቶች፣ ማለትም ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ሥልጠና፣ የተጻፈ ውልና የሕክምና ዋስትና የክለቦችና የፌዴሬሽኑ ሥራ ናቸው። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሙያተኛ ተጫዋች ስትወልድ ቢያንስ የ14 ሳምንት ፈቃድ ከክፍያ ጋር እንዲሰጣት ደንግጓል። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ጋብቻና ልጅ መውለድ የሙያው ፍጻሜ መሆናቸው ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበትና መንገዶች በተቋረጡበት ሁኔታ የኳስ ነገር ማንሣት ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይህን ሐሳብ አልንቀውም፤ ወገኖቼ በዚያ ይኖራሉና። ነገር ግን የዲክ ከር ሴቶች ሜዳ የወጡት ሰላም እስኪመጣ ጠብቀው አልነበረም፤ በጦርነት መካከል፣ ከጥይት ሥራ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት የተዘጋባት ልጅ ቤት ስትውል በመጀመሪያ የሚጠብቃት ባል ነው። ሰላም ወርዶ መልሶ ግንባታ ሲጀመር ንድፉን የምናወጣው እኛ ስለ ሆንን፣ ያ ሜዳ በንድፉ ላይ ካልታየ በመሬቱም ላይ አይታይም።

የእኅቴ ጥያቄ

«ለእርሷ ማን ፈቀደላት?» ለተባለው ጥያቄ አሁን መልስ ያለኝ ይመስለኛል። ለሎዛም ሆነ ለናኦሚ የተለየ ፈቃድ የሰጠ አንድ ሰው የለም። ለአንዲቱ ገመድ የያዙ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ለሌላዪቱ ቀደም ሲል የተሠራ ድልድይ ነበር። የሁለቱም ወንድም ወይም ጎረቤት ኳሱን ከእጃቸው አልቀማም። ከልካይ ለመሆን ሥልጣን አያስፈልግም፤ ይህን እኔ በ16 ዓመቴ በተግባር አሳይቻለሁ። ለመሥራት ግን ዕውቀት፣ መሣሪያና ማኅበር ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ዛሬ በእጃችን ያለ ነገር ነው።

የእኅቴ ታላቂቱ ልጅ አሥር ዓመት ሆኗታል። በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወደ ሞጣ ለሚሄድ ሰው እውነተኛ የቆዳ ኳስ ገዝቼ ላክሁላት። ያኔ ስለ ቀማሁት ኳስ በመካከላችን አንድም ቃል ተነሥቶ አያውቅም፤ በስልክ ስታመሰግነኝም እኅቴ አላነሣችውም። ልጂቱ ኳሱን እያንከባለለች ቤት ለቤት እንደምትዞር ከነገረችኝ በኋላ፣ «ኳሱስ መጣልን፣ ወንድም ዓለም፤ ከቤታችን ጀርባ የነበረው ሜዳ ግን ቤት ተሠርቶበታል። የት ትጫወት?» አለችኝ።

እኔም ጥያቄውን ለማኅበራችን አባላት አቀርባለሁ። ልኩ 60 በ40 ሜትር ነው።